ያልደመርኋቸው አርባና ሰማንያ ቀናት

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለች አንዲት ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገባሁና የላምባ ሽታ ተቀበለኝ። ባለሱቁ ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ሲገለብጥ ባንኮኒው ላይ ፈስሶበት በጋዜጣ ይጠርጋል። «አባባ፣ ሽታው አስቸገረዎት?» አለኝ። የለም አልሁት። ዋሸሁ። ያ ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስቸግረኝ ኖሯል። ሌላው ሰው ወጣትነቱን በአበባ ወይም በሽቶ ያስታውስ ይሆናል፤ የእኔ ወጣትነት ላምባ ላምባ ይላል። ሳሙናውን ሳልገዛ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤ ከዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ልጄን ውባለምን አሰብሁ። ውባለም ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ግራ ዓይኗ አያይም። በሕፃንነቷ ኩፍኝ እንዳጠፋው ታውቃለች፤ ኩፍኙ ወደ እሷ የገባበትን በር የከፈተው ማን እንደሆነ ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ የሚያውቅ ሕያው ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ ስገርፍ የኖርሁ አባት ነኝ። ይህን ሳልናገር ብሞት አርጩሜው ራሱ ይፈርድብኛል።

ውባለም ሕፃን ሳለች፣ በደርግ ዘመን፣ በጤና ቢሮ የክትባት ማቀዝቀዣ ጠባቂና የመዝገብ ጸሐፊ ነበርሁ። ማቀዝቀዣው የሚሠራው በላምባ ነው። እሳት ተለኩሶ በረዶ ይሠራል ብሎ ለገበሬ የሚያስረዳ ሰው እብድ ይባላል፤ እኔንም ብለውኛል። ሥራው የላምባውን ክር በመቀስ ማስተካከል፣ ጎንበስ ብሎ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ማየት፣ ጧትና ማታ ሙቀቱን መመዝገብ ነበር። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ጥቀርሻ ይይዛል፤ ጥቀርሻ ከያዘ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ ከሞቀ የኩፍኙ ክትባት ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ሲሞት አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። የሚያስፈራኝ ይህ ነበር። የሞተው መድኃኒት ከሕያው አይለይም፤ ይወጉታል፣ እናቲቱም አመስግና ትሄዳለች። ቁጥርም እንደዚያው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የተማርሁት ከሐይቁ ማዶ ካለች ደብር፣ ከየኔታ እግር ሥር ነው። ዳዊት ደግሜ ዜማ ከጀመርሁ በኋላ አባቴ ሲሞት ትቼው ከተማ ገባሁ። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት በቀን አሥር አሥር ቃል እያጠናሁ፣ ሒሳብን ከተጣለ የተማሪ ደብተር ተማርሁ። አስተማሪ የለኝም ብሎ የሚያለቅስ ወጣት ዛሬም አያሳዝነኝም። አንድ የካኪ ኮትና አንድ የቴትሮን ሱሪ ነበረኝ፤ ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ደወል ይሰፋ ስለነበር እናቴ «ይህ ሱሪ ነው ቀሚስ?» ትለኝ ነበር። ብስክሌት በሰዓት በስሙኒ ይከራያል። ጥንድ ቀረሶ ዓሣ ከታንኳ ላይ እንደወረደ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛል፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ቅርፊቱን የሚሰጥህ የለም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የዘንባባው መንገድ በብስክሌት ይሞላል፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር አስረው፣ የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ ይነዳሉ። ከቀበሌው በር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጧት ጧት ሰልፍ ይዘምራል። ሚስቴ ጥሩወርቅ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉራት አንዲት የእናቷ ዘፈን ነበረች። ማጉያው ሲጀምር ታቆማለች፤ ሲያበቃ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። በዚያ ዘመን ሰው የራሱን ዘፈን በክፍተት ነበር የሚዘፍን።

አንድ ቀን የቢሮው ዋና ሐኪም ጠሩኝ። አዲስ አበባ ላይ ስለ ክትባት የሚመክር የባለሙያ ኮሚቴ አለ፤ የኩፍኝ ክትባት በስንተኛው ወር ይሰጥ በሚለው እየተከራከረ ነው፤ እስከ አሁን የሚመክረው በዘጠነኛው ወር ነው፤ በሐይቁ ዳር ግን ሕፃናት ከዚያ ቀድመው ይታመማሉ የሚል ወሬ ደርሶታል አሉኝ። «በዚህ ዓመት የታመሙትንና የሞቱትን ልጆች ዕድሜ ቤት ለቤት መዝግበህ አምጣ። ንጹሕ ሥራ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ንጹሕ ሥራ የሚለውን ቃል እወዳለሁ። በታንኳም በእግርም ዞርሁ። ሕፃን የሞተበት ቤት በር ላይ ቆሞ «ስንት ወሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። አንዳንዷ እናት ወሩን ከመናገሯ በፊት ልብሱን ታሳየኛለች።

የእናቶቹን ቃል ብቻ አላመንሁም። ምስክር ሁለት ይሁን ብዬ ወደ የኔታ ዘንድ ሄድሁ።

«የክርስትናውን መዝገብ ያሳዩኝ፣ የኔታ።»

«ምን ሊሆንህ?»

«የልጆቹን ዕድሜ ላወጣበት።»

«ዕድሜ ከእግዜር ነው፤ ቀኑን ግን እኔ ጽፌዋለሁ» አሉና ከአቡጀዲ ከረጢት አወጡት። ልቀበል እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሳቡት። «ታጥበሃል? ላምባ ላምባ ትላለህ። ዜማውን ትተህ የኩራዝ ነጋዴ ሆንህ?»

መዝገቡ የክርስትና መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን እንደምትጠመቅ ለአንባቢዬም ለእኔም ማንም አይነግረንም። አርባውንና ሰማንያውን ደምሬ እውነተኛውን ዕድሜ ላወጣ አስቤ ነበር። ነገር ግን የእናቶቹን ቃል ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይ፣ ሳልደምር እንኳ ገጠመ። እናት ሰባት ወር ስትል መዝገቡም ሰባት ወር ይላል። የአሥሩም፣ የሃያውም ልጅ ገጠመ። እንግዲህ የኔታ የጻፉት የልደቱን ቀን መሆን አለበት፣ መደመር ምን ያደርጋል አልሁ። ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ስለ ላምባው የተናገሩኝ ቆርቁሮኝ ነበር። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ወር የሚል ዓምድ ከላይ እስከ ታች ወረደ። የእጅ ጽሑፍ ያምርልኛል። ሐኪሙ አይተው «እንደ ብራና ነው» አሉኝ፤ ወደ አዲስ አበባም ላኩት።

ውባለም ያን ጊዜ ልክ ስድስት ወሯ ነበር። የራሴ ሠንጠረዥ አስፈራኝ። አንድ ቀን የአሥር ልጅ መድኃኒት ያለበትን ብልቃጥ ለአንዲት ልጅ ከፈትሁ፤ የቀረውን ደፋሁት። መርፌ መውጋትን ሲስተሮቹን እያየሁ ተምሬው ነበርና ራሴ ወጋኋት። ለጥሩወርቅም «ከእንግዲህ ኩፍኝ አይነካትም» አልኋት። ረግጬ ነው የተናገርሁት። ረግጬ መናገር ልማዴ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮሚቴው ራሱ ባሕር ዳር መጣ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሐይቁን በሚያይ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ እኔ ተመደብሁ። የሚመሩትን ሽማግሌ ሐኪም ሰብሳቢ እንላቸዋለን፤ ሊቀመንበር አንልም፤ ያ ቃል በዚያ ዘመን ባለቤት ነበረው። ከበሩ አጠገብ ጓድ አያሌው የሚባል ካድሬ ተቀምጧል፤ አባል አይደለም፣ ግን የማይሰማው ነገር የለም።

ሰብሳቢው ሥራውን የጀመሩት እስከ ዛሬ በማልረሳው ነገር ነው። «በዚህ ጉዳይ የራሱ ነገር ያለበት ሰው፣ ዘመድም ይሁን ጥቅም ወይም ውለታ፣ አሁን ይናገር። መናገሩ ነውር የለውም፤ መደበቁ ምክሩን ያበላሻል» አሉ። አንዱ ወንድሙ መድኃኒት ከሚያስመጡ ሰዎች ጋር እንደሚሠራ ተናገረ፤ ስለ ግዢ ሲነሳ ይወጣል ተባለና ጻፍሁት። ጸሐፊውን የጠየቀ የለም። እኔም የብልቃጡን ነገር ሳላነሳ መጻፌን ቀጠልሁ። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጥያቄዎቻቸውን ጻፉ። በሽታው ምን ያህል ይጎዳል? መድኃኒቱ በዚህ ዕድሜ ይይዛል? ያመጣው ጉዳት አለ? እስከ ገጠር ድረስ ሳይሞቅ እናደርሰዋለን? እናቶች ይቀበሉታል? ለእያንዳንዱ መልስ ደግሞ «ይህን በምን አወቅን?» ይላሉ። «እኛ እንመክራለን እንጂ አናዝም። የሚያዙት የእኛን ወረቀት አምነው ነው የሚያዙት፤ ስለዚህ ከሚያዝ ሰው ይልቅ እኛ እንፍራ» አሉ። እንዲህ ዓይነት ፍርሃት በዚያ ዘመን አዲስ ነበር። እኛ የምናውቀው ሌላውን ፍርሃት ነው።

ከአምስቱ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች ሲስተር አስካለ የምትባል ቀጭን ነርስ ነበረች። ስድስት ወር መጥፎ ነው ብላ ተከራከረች። «እናት በደሟ ያወረሰችው መከላከያ በስድስተኛው ወር ገና አላለቀም፤ ክትባቱን ብዙ ጊዜ እሱ ይገድለዋል። ልጁ ተወግቷል ይባላል፣ ግን ባዶውን ነው። ካልተወጋ ይልቅ ለዚህ ልጅ እፈራለሁ፤ እናቱ ሁለተኛ አታመጣውማ!» አለች። ጓድ አያሌው ከበሩ ሆኖ ሳቀ። «ሲስተር፣ ሕዝቡ በሰባት ወር እየሞተ ዘጠኝ ወር እንጠብቅ ነው? ሠንጠረዡ እኮ አለ! ለአብዮቱ በዓል ከሐይቁ ዳር የተጀመረ ዘመቻ እንዲሆን የበላይ አካልም ይፈልጋል።» ሁሉም ሠንጠረዡን አዩ። የእኔ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አምሮ ወርዷል። ሐይቁ ያን ቀን እንደ ቆርቆሮ ነበር፤ አንዲት ሞገድ አልነበረችበትም።

ሲስተር አስካለ በወረቀት ዳር ስታሰላ ቆይታ ቀና አለች። «አንድ ነገር አልገባኝም። ሴቶቹ ሕፃናት ለምን ቀደሙ? ሴቶቹ የታመሙት ከወንዶቹ አርባ ቀን ገደማ አስቀድመው ነው።»

«ቶሎ ጡት ይጥሉ ይሆናል» አለ አንዱ።

«በሁሉም ነገር ሴቶች ከፊት እየተሰለፉ ነው ማለት ነው» አለ ጓድ አያሌው፤ አዳራሹም ሳቀ። እሱ ሲቀልድ ይሳቃል።

እኔ አልሳቅሁም። ብዕሬ ቆመ። አርባ ቀን የሰማንያና የአርባ ልዩነት ነው። በዚያ አዳራሽ ካለነው አብዛኛው በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የተጠመቀ ነው፤ ግን ካድሬ ባለበት ክርስትናን የሚያነሳ የለም። ቤተ ክርስቲያንን ከነጃንጥላችን በር ላይ ትተን ነው የገባን። ሲስተር አስካለ አውቃ ይሆን? ዓይኗ እኔ ላይ የቆየ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለምሳ ሲፈቱን በብስክሌት ወደ ቤቴ በረርሁ። ጥሩወርቅ ውባለምን አዝላ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሳልቀመጥ ጠየቅኋት።

«ልጅቱ ስንት ወሯ ነው?»

«አምስት ተኩል።»

ከተወለደች ስምንት ወር አልፏል። በእጄ ጽፌዋለሁ። «ከመቼ ጀምረሽ?»

«ክርስትና ከተነሳች ነዋ! ከዚያ በፊትማ የማን ልጅ እንደምትሆን ማን ያውቃል? ያልተጠመቀ ይቆጠራል እንዴ? አንተ የቄስ ተማሪ!» ብላ ሳቀችብኝ። ቢላዋዋን ይዛ ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ። «ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ለምንም» አልኋት። እንጀራዬን ሳልበላ ወጣሁ።

ስለዚህ ሁለቱ ምስክሮቼ አንድ ምስክር ነበሩ። እናቶቹም መዝገቡም የሚቆጥሩት ከጥምቀት ነው፤ የገጠሙት ለዚህ ነው። መንገዱን ሙሉ ሁለት ነገር እያሰብሁ ነዳሁ። ዝም ብል የእኔ ዓምድ የአገር ምክር ይሆናል፤ በየአውራጃው በስድስት ወራቸው የተወጉ ሕፃናት ተከላክለዋል ተብለው ባዶ ይቀራሉ። ብናገር ደግሞ ስህተት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም፤ አሻጥር ነበር የሚባል። በአሻጥር የተወሰደ የፋብሪካ መጋዘን ሠራተኛ አውቃለሁ። ብስክሌቱ ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ጎማው እስኪበሰብስ ድረስ ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው ቃሉን አጻፉኝ። ኮሚቴው ክትባቱ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ እንዲሰጥ ይመክራል። ሲስተር አስካለ ብቻ አልተስማማችም። «እንግዲህ አንብብልን» አሉኝ። ቁጭ ብሎ ነበር የሚነበብ፤ እኔ ቆምሁ።

«ሠንጠረዡ ትክክል አይደለም።»

«ምኑ?»

«ዕድሜው። የቆጠርሁት ከክርስትና ነው። በሴቶቹ ሰማንያ፣ በወንዶቹ አርባ ቀን ይደመርበት።»

ሲስተር አስካለ ደመረች። «ዘጠኝና አሥር ወር ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። «ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል ሆኑ። ከዘጠኝ በፊት የታመመ ጥቂት ነው፤ የቀድሞው ምክር አልተነካም።»

ጓድ አያሌው ተነሣ። «ጓድ ጸሐፊ፣ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?»

«ስህተት ነው። የእኔ ነው።»

«አሻጥረኛ ሥራውን ይደብቃል እንጂ በሰው ፊት ቆሞ አያፈርሰውም፣ ጓድ» አሉ ሰብሳቢው።

«እሱን እኛ እናጣራዋለን። ሙሉ ስም፣ ከነአያት» አለና ደብተሩን አወጣ። ነገርሁት። ሲጽፍ የአያቴን ስም ሳይቀር ተሳስቶ ነበር፤ አላረምሁትም።

ሰብሳቢው ግን ገና እኔን ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ይህን ያህል ደፍረሃል። ሌላ የምትነግረን አለ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ልጆቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልግ። ብልቃጡ ነበር። የራሴ ነገር ነበረኝ። ስህተት ይቅር ይባል ይሆናል፤ የመንግሥት መድኃኒት ለራስ ልጅ መክፈት ግን ምንም ስም የለውም። «የለም» አልሁ። ቃለ ጉባኤውም ላይ በዚያ በሚያምር እጄ «ጸሐፊው ሌላ የሚያስረዳው እንደሌለ ገለጸ» ብዬ ጻፍሁ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ጥሩወርቅ ደግማ አልጠየቀችኝም። መንገር ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የወጋኋት አልያዘላት ይሆናል፣ ዘጠኝ ወሯ ሲሞላ ደግመሽ አስወጊያት። ለአዳራሽ ሰው ሁሉ ተሳስቻለሁ ያልሁ ሰው ለሚስቴ ማለት አቃተኝ። ዘጠኝ ወሯ ሲሞላ ሳታውቅ ራሴ እደግምላታለሁ ብዬ ወሰንሁ። በሦስተኛው ቀን ከቢሮ ወሰዱኝ። የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ከወገቤ ፈተው ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ክሩን እንዴት እንደሚያስተካክል ላሳየው ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አልፈቀዱልኝም።

ለማጣራት ተብሎ ሦስት ወር ተቀመጥሁ። ጥሩወርቅ ምግብ ታመጣለች፤ ዘበኛው በሹካ ወግቶ ፈትሾ ያስገባል። እኔና እሷ በዘበኛው ፊት ብቻ ነበር የምንነጋገር። ልጅቱን ደግመሽ አስወጊያት ብዬ ላዛት ብል የብልቃጡ ነገር ይወጣል። «ልጅቱስ?» እላለሁ። «ደህና ናት» ትለኛለች። አንድ ሰሞን ጥሩወርቅ ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ጢስ ነው አለችኝ። ስወጣ ነው ያየሁት። ውባለም ከሲታ ሆናለች፣ ግራ ዓይኗን ነጭ ብልዝ ሸፍኖታል። ኮሚቴው ባጸናው ምክር መሠረት ወጊዎች በዘጠነኛው ወሯ በራችን ድረስ መጥተው ነበር። ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ «የእኔዋን አባቷ ወግቷታል። ለሌላ ልጅ ይድረስ» ብላ መለሰቻቸው። ከደግነቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩፍኙ ሰፈሩን ሲያዳርስ ከተወጉት ቤት አልገባም፤ የእኛን ግን አልሳተውም።

«አይነካትም ብለኸኝ ነበር» አለችኝ አንድ ጊዜ ብቻ። ወደምታጥበው ልብስ ተመለሰች። ማጉያው ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ ያችን ዘፈን ዳግመኛ አልሰማሁም። ያረፈችው ሳልነግራት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቁ ዳር ተነሥቼ በባጃጅ ውባለም ወደምትኖርበት ወደ ሰባታሚት ሄድሁ። ውባለም ትንሿን ልጇን አቅፋ የክትባት ካርዷን በላስቲክ ትጠቀልላለች። ሻይ ላፍላ አለች፤ ተይው አልኋት። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ወደ አፏ ስባ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች። ላምባው ከባንኮኒው ነክቶኝ ኖሯል።

«ስንት ወሯ ነው?» አልሁ።

ውባለም እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ግራ አዙራ በቀኝ ዓይኗ አየችኝ።

«ስምንት። ከተወለደች። ለምን ጠየቁኝ፣ አባባ?»

«ለምንም» የምትለው ያችው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

«ልጅቱን አስተኚያትና ቁጭ በይ» አልኋት።